«ዛት ቲንግ ዩ ዱ!»፦ ስለ ባለ አንድ ዘፈኑ ባንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝና ስለሚያሳድዱ ወጣት ሙዚቀኞች ከተሠሩ ኮሜዲ ፊልሞች ሁሉ ለሰው መጋበዝ የምወደው «ዛት ቲንግ ዩ ዱ!»ን ነው። ጋብዤ ግን በሰላም አልቀመጥም። ያየው ሰው ሁሉ ይደውላል። የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ ታች ወረድ ስትሉ መጨረሻውን እናገራለሁ፤ እዚያ ስደርስ አስጠነቅቃችኋለሁ።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ጊዜው 1964 ነው። ቦታው ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ፣ አሜሪካ። ጋይ ፓተርሰን ቀን ቀን አባቱ ሱቅ ውስጥ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ይሸጣል። ሱቁ ሲዘጋ የጃዝ ሸክላ ይከፍትና አብሮ ድራም ይመታል። ሰሚ የለውም።

የሚያውቃቸው ልጆች ባንድ አላቸው። ጂሚ ይዘፍናል፣ ዘፈኖቹንም የሚጽፈው እሱ ነው። ሌኒ ጊታር ይጫወታል፣ ከሚጫወተው በላይ ደግሞ ያወራል። አንድ ዝምተኛ ቤዝ ጊታር ተጫዋችም አለ። ድራመራቸው ቻድ መንገድ ዳር ያለውን የፓርኪንግ ቆጣሪ ዘልዬ አልፋለሁ ብሎ ክንዱን ይሰብራል። የኮሌጁ የተሰጥኦ ውድድር ደግሞ ደርሷል። ጋይን ይለምኑታል። እሱም ለዚያች ማታ ብቻ ብሎ እሺ ይላል።

በጥቂት ወራት ውስጥ ከስፓጌቲ ቤት መድረክ ተነሥተው አገር የሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ይወጣሉ። አወራረዳቸውም የዚያኑ ያህል ፈጣን ነው።

ማን ሠራው?

ቶም ሃንክስ። ድርሰቱም ዝግጅቱም የሱ ነው። ሚስተር ዋይት የሚባለውን የሸክላ ኩባንያ ሰው ሆኖም ይተውናል። የሲኒማ ፊልም ሲያዘጋጅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ የበቃው ኦክቶበር 4 ቀን 1996 ነው።

ሃንክስ ያኔ በምርጥ ተዋናይነት ሁለት ኦስካር በተከታታይ ወስዷል፤ አንዱን በ«ፊላደልፊያ»፣ ሌላውን በ«ፎረስት ገምፕ»። ይህን ታሪክ መጻፍ የጀመረው «ፎረስት ገምፕ»ን ለማስተዋወቅ ሲዞር ነው። ከጋዜጠኛ ጋዜጠኛ እየተቀባበሉት ቀኑን ሙሉ ስለ ራሱ ያወራል። ዝና ጫፍ ላይ ሆኖ ዝና ሲሰለቸው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነገር ነው። ገርሞኝ የማያልቀው ምሬት ስለሌለበት ነው። ሌላው ቢሆን ኖሮ በመርፌ ወጋ ወጋ ያደርገን ነበር።

ርዕሱ ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ያ የምታደርጊው ነገር» ማለት ነው። የፊልሙ ስም የባንዱ የዘፈን ስም ነው። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም ይሆናል፣ የኛ ቋንቋ ግን ያስመርጣል። እዚህ ዘፋኙ የሚያናግረው ልቡን የምትሰብረውን ልጅ ስለሆነ «የምታደርጊው» ብዬዋለሁ።

ልብ በሉ፣ ግጥሙ የተከዳ ሰው እሮሮ ነው። ዜማው ግን ያስጨፍራል። ሰው ሁሉ እየሳቀ የሚዘፍነው የለቅሶ ግጥም ነው።

እውነተኛ ታሪክ ነው?

አይደለም። ዋንደርስ የሚባለው ይህ ባንድ አልነበረም፤ ፕሌይቶን የተባለው ሸክላ አሳታሚም ያኔ አልነበረም። ዘመኑ ግን እውነት ነው። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ ወደ 73 ሚሊዮን ሰው አይቷቸዋል። በማግስቱ የአሜሪካ ጎረምሳ ሁሉ ጊታር ፍለጋ ወጣ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሚለማመዱ ባንዶች እንደ አሸን ፈሉ። አንዳንዶቹ አንድ ዘፈን ሬዲዮ ላይ ወጣላቸው። ከዚያ ጠፉ። ፊልሙ የነዚያ የጠፉት ታሪክ ነው።

ታዲያ የቢትልስ ዘፈን አለበት?

የለበትም። ይህ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር ነው። የማጀቢያው ዘፈኖች የ60ዎቹ ይመስላሉ እንጂ ለፊልሙ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሃንክስ ራሱ በጥቂቶቹ ድርሰት እጁ አለበት። የሴት ልጆች ሦስትዮሽ ቡድን፣ የምሽት ክበብ አቀንቃኝ፣ የባሕር ዳርቻ ሙዚቃ፣ ጃዝ፣ ለየአንዳንዱ አዲስ ዘፈን ተጽፏል። ያልነበረ ዘመንን እንደነበረ አድርጎ መሥራት ከባድ ሥራ ነው፤ እነሱ ሙሉ አልበም አወጡበት።

ዋናውን ዘፈን ማን ጻፈው?

አዳም ሽሌሲንገር። ያኔ ፋውንቴንስ ኦቭ ዌይን የሚባለው ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ገና ስሙ አልገነነም። የፊልሙ ሰዎች ዘፈን እየፈለጉ መሆኑን ሰምቶ ሞከረ፤ የሱ ተመረጠ።

እስቲ ሥራውን አስቡት። የታዘዘው «ጥሩ ዘፈን» ብቻ አይደለም። በ1964 በእርግጥ ሂት፣ ማለትም ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን፣ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሞላው የኢሪ ልጅ ጻፈው ቢባል የሚታመን መሆን አለበት፤ ስለዚህ በጣም ብልጥ መሆን አይችልም። ተመልካቹ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ደጋግሞ ሲሰማው እንዳይጠላው ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሴራው ያረፈው ዘፈኑ ላይ ነው። ዘፈኑ ደካማ ቢሆን ፊልሙ በሙሉ ውሸት ይሆናል። ስለ ጎበዝ ሙዚቀኞች ተሠርቶ ዘፈኑ የማይሰማ ስንት ፊልም አይተናል።

በፊልሙ ውስጥ የምትሰሙት የጂሚ ድምፅ የማይክ ቫዮላ ነው። ተዋናዩ ጆናተን ሼክ አፉን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ዘፈኑ ከፊልሙ ወጥቶም ሠርቷል፤ በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ደረጃ በሚያወጣው በእውነተኛው የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ 41ኛ ደርሷል። ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። ያሸነፈው ግን ከ«ኤቪታ» ፊልም የመጣው ዘፈን ሆነ። እኔ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ዋናው ሰው ለምን ድራመሩ ሆነ? ዘፋኙ አይደለም እንዴ የሚታየው?

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ፊልሙን የሚከፍተውም ቁልፍ ይሄ ይመስለኛል።

ጂሚ ዘፈኑን የጻፈው ቀስ ያለ፣ የሚያዝን የፍቅር ዘፈን አድርጎ ነው። ሲለማመዱም እንደዚያ ነው። ውድድሩ ማታ ላይ ግን ጋይ ድራሙን ሲያስጀምር ከተስማሙበት በጣም አፍጥኖ ይነሣል። ጂሚ ዞሮ ቀስ በል እያለ ያፈጥበታል። ጋይ አይሰማም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ተነሥተው መጨፈር ይጀምራሉ። በቃ። ሂቱ የተወለደው እዚያ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለው ተረት እዚህ አልሠራም።

አሁን ዘፈኑ የማን ነው? ግጥሙም ዜማውም የጂሚ ነው። ሂት ያደረገው ግን የጋይ ምት ነው። ጋይ ያንን ምት ከየት አመጣው? ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ለብቻው ሲመታው ከነበረው ጃዝ። ጂሚ ይሄን አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አያምንም። ባንድ ውስጥ የነበረ ሰው ይሄን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ባይና «እኔ ነኝ ያሳመርኩት» ባይ የሌለበት ባንድ የለም። ሃንክስ ጭቅጭቁን በቃል አላስቀመጠውም። አንድ የዱላ ምት ውስጥ ከተተው።

ሌላም ምክንያት አለ። ድራመር ከኋላ ነው የሚቀመጠው። የሁሉንም ጀርባ ያያል። የሚሆነውን ሁሉ ለመታዘብ ከሱ የተሻለ ቦታ ያለው የለም።

ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ መስማት አይሰለችም?

እኔን አልሰለቸኝም። ምክንያቱም ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ቦታው ተቀይሯል። መጀመሪያ በድንጋጤ ይጫወቱታል። ቀጥሎ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ስፓጌቲ ቤት፣ ሰው እየበላ። ከዚያ ጋይ አጎቱን ይለምንና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀዱታል፤ አጎትየው የመዝሙር ሙዚቃ ቀጂ ነው። ቀጥሎ ፒትስበርግ ላይ የድምፅ መሣሪያው አብዶ ያዋርዳቸዋል። ከዚያ በየክልሉ ባዛር እየዞሩ በሺህ ለሚቆጠር ጯሂ ይጫወቱታል። በመጨረሻ ቴሌቪዥን ላይ።

ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ልጆቹ በየጊዜው እየተሻሻሉ ይሄዳሉ። ልብሳቸው ይስተካከላል፣ እጅ መንሣቱን ይለምዳሉ። በዚያው ልክ እርስ በርስ መተያየታቸው ይቀንሳል። ፊልሙ የማይናገረውን ዘፈኑ ይናገራል።

ሁሉም ሰው የሚያወራለት የሬዲዮው ትዕይንት ምንድን ነው?

ዘፈናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ ላይ የሚወጣበት ነው። የጂሚ ፍቅረኛ ፌይ መንገድ ላይ ሳለች በትንሿ ሬዲዮዋ ትሰማዋለች። አንድ ሰከንድ ቆም ትላለች። ከዚያ እየጮኸች ትሮጣለች። ቤዝ ተጫዋቹን መንገድ ላይ ታገኘዋለች፣ እሱም ይሮጣል። ሁሉም ጋይ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ሱቁ ደግሞ ሬዲዮም ይሸጣል! አንዱን ሲከፍቱ ሌላውን፣ ሌላውን ሲከፍቱ ሦስተኛውን፤ መደርደሪያው ሁሉ እነሱን መዝፈን ይጀምራል። ይዘላሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይንጫጫሉ።

ትዕይንቱ ውስጥ ገንዘብ የለም። አድናቂ የለም። ካሜራ የለም። ያለው ድምፃቸውን ከማያውቁት ሳጥን ውስጥ የሰሙ ልጆች ነው። የተደሰተ ሰው ሲሮጥ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል የረሳ ሰው ይሄን ይመልከት። ከዚህ በኋላ ብዙ ትልልቅ ነገር ያገኛሉ፤ እንደዚህ ግን ደግመው አይዘሉም። ሃንክስ ደስታውን ገና ከመሃሉ በፊት አስቀመጠው። ለኔ የፊልሙ ሐሳብ ይሄው ነው፦ የዝና ጣፋጩ ክፍል መጀመሪያው ላይ ነው፣ ሰውየው ታዋቂ ከመሆኑ በፊት።

«ኦኒደርስ» የሚለው ቀልድ አልገባኝም። ምንድን ነው?

የባንዱን ስም ያወጣው ጂሚ ነው። «ዋንደርስ» ሊል ፈልጎ ነው፤ ተአምሮች እንደማለት። ግን ሊራቀቅበት ብሎ መጀመሪያ ላይ «አንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከተተበት። አጻጻፉ ላይ ብልህ ነገር የሠራ መስሎታል። የሚያነበው ሰው ሁሉ ግን «ኦኒደርስ» እያለ ያነባል። የመድረክ አስተዋዋቂ ሁሉ ይሳሳታል። እነሱ በየቦታው ያርማሉ። ሚስተር ዋይት ሲመጣ በአንድ ቃል ይገላግላቸዋል፤ እንደሚነገረው ጻፉት፣ አለቀ።

ከሥሩ ግን ሌላ ቀልድ አለ። በእንግሊዝኛ በአንድ ዘፈን ታይቶ የጠፋ ሙዚቀኛ «ዋን ሂት ዋንደር» ይባላል። ልጆቹ ስማቸውን ሲያወጡ ዕጣቸውንም አብረው ጻፉት። ስሙን ማረም ተቻለ፣ ዕጣውን ግን አልተቻለም።

ቤዝ ተጫዋቹ ስሙ ማነው?

አይነገርም። በፊልሙ መጨረሻ የተዋንያን ዝርዝር ላይም «ቲ. ቢ. ፕሌየር» ብለው ቀልደውበታል፤ በእንግሊዝኛ «ቤዝ ተጫዋቹ» የሚለው ተቆርጦ ነው። ቤዝ የሚጫወት ወዳጅ ካላችሁ ይሄን አሳዩት። ወይ ይስቃል፣ ወይ ይቀየማል።

ተዋናዮቹ እውነት መጫወት ይችላሉ?

ከቀረጻው በፊት ለሳምንታት አብረው ተለማምደዋል። ቶም ኤቨረት ስኮት፣ ጋይን የሆነው፣ ለፊልም ገና አዲስ ነበር፤ ድራም ላይ ያለው እጅ ግን አያሳፍርም። በአልበሙ ላይ የምትሰሙት የባለሙያ ሙዚቀኞች ሥራ ነው። ቢሆንም ልምምዱ ይታያል። ዱላው ከድምፁ ጋር ይገጥማል፣ ጊታር ላይ ያለው ጣት ቦታው ላይ ነው። እኔ በሙዚቃ ፊልም የሚያናድደኝ ዋናው ነገር ጣት ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ሲሆን ነው። እዚህ ያ የለም።

በነገራችን ላይ ስኮትን ሊተዉት ነበር ይባላል። ሃንክስ ከራሱ ጋር በጣም ይመሳሰላል ብሎ አመነታ። ባለቤቱ ሪታ ዊልሰን ናት ውሰደው ያለችው። መመሳሰሉ እንኳ ጠቀመ፤ ሚስተር ዋይትና ጋይ ፊት ለፊት ሲቆሙ አንድ ሰው ከወጣትነቱ ጋር የሚያወራ ይመስላል።

የማውቀው ፊት አየሁ መሰለኝ። ማን ማን አለ?

ተሳስታችሁ አይሆንም። የጋይ የመጀመሪያ ፍቅረኛ ሻርሊዝ ቴሮን ናት፤ ገና ስሟ ሳይታወቅ። ክንዱን የሰበረው ቻድ ጆቫኒ ሪቢሲ ነው። መዝሙር የሚቀዳው አጎት ዘፋኙ ክሪስ አይዛክ ነው። ፌይ ሊቭ ታይለር ናት። የምሽት ክበቧ አስተናጋጅ ራሷ ሪታ ዊልሰን ናት። ቴሌቪዥኑ ላይ ለአፍታ ብቅ የሚለው ጠፈርተኛ ደግሞ ብራያን ክራንስተን ነው፤ ስሙን ያገነነው «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከመምጣቱ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት። እሱን ያላየ ሰው ወደ ኋላ ይመልሰው።

ሚስተር ዋይት ደግ ነው ክፉ?

በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ የሸክላ ኩባንያው ሰው ሌባ ነው። ያ የታወቀ ነው። ልጆቹን ያታልላል፣ ገንዘባቸውን ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ይጋለጣል። ሚስተር ዋይት ግን አይሰርቅም። ፊል የሚባለው የመጀመሪያው ማናጀራቸው እንኳን አይሰርቅም። እዚህ ፊልም ውስጥ ጠላት ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሚስተር ዋይት ነጋዴ ነው። ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። ለልጆቹ አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሳቸዋል። ጋይን ጥቁር መነጽር አድርግ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ «ሼድስ» (ጥቁር መነጽር እንደማለት) ነው ይለዋል። ለሁሉም መልካም ነው፣ ለማንም ግን ወዳጅ አይደለም። ከነሱ በፊት ስንቱን እንዲህ እንዳለበሰ ሁኔታው ይናገራል።

ውሉም ቀላል ነው። ሂቱ እየተሰማ ሳለ አልበም መውጣት አለበት፤ ነገ ሌላ ባንድ ይመጣል። አልበሙ በፍጥነት እንዲሞላ ኩባንያው የራሱ የሆኑ ዘፈኖችን ያስጫውታቸዋል። ያኔ የዘፈን መብት የያዘ ሰው ዘፈኑ በተቀዳ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ ሚስተር ዋይት የሚለው ሁሉ ለሱ ስሌት ትክክል ነው። ጂሚ ደግሞ የራሴን ዘፈኖች ልቅዳ ይላል፤ ለሱ ያ ትክክል ነው። ሁለት ትክክል ሰዎች አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ገቡ፤ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

(ያላየ ሰው እዚህ ላይ ያቁም። ቀጥሎ መጨረሻው ነው።)

ባንዱ ለምን ፈረሰ?

አንድ ምክንያት ፈልጋችሁ ከሆነ የለም። አራቱም ዝናን አብረው አሳደዱት፤ የተለያየ ነገር ነበር ግን የሚፈልጉት።

ቤዝ ተጫዋቹ ወታደር ሊሆን ተመዝግቧል። ሆሊውድ ሲደርሱ ከባሕር ኃይል እግረኞች ጋር ወደ ዲዝኒላንድ ይሄዳል፤ በዚያው ይጠፋል። በሱ ቦታ የሚቀጠር ሰው ይመጣል። ሌኒ የፈለገው መዝናናትና ቆንጆ ልጅ ነበር፤ ሁለቱንም አገኘና አንዷን ይዞ ወደ ላስ ቬጋስ። ጂሚ አርቲስት መሆን ነው የሚፈልገው። ጋይ ደግሞ ከጥሩ ሙዚቀኞች ጋር መጫወት፤ በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለውም።

መሰንጠቁ በግልጽ የሚታየው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ሲጫወቱ በየልጁ ፊት ሥር ጽሑፍ ይወጣል። ጂሚ ሥር ሲወጣ «ሴቶች ተጠንቀቁ፣ የታጨ ነው» ይላል። ፌይ ስታየው ደስ ይላታል። ጂሚ ግን ይቆጣል፣ እኔ አላጨኋትም ብሎ። የፌይ መልስ ከፊልሙ ሁሉ ጠንካራው ቦታ ነው። ስንት መሳም አባከንኩብህ የሚል ሐዘን ነው፣ ጩኸት የሌለበት። ሊቭ ታይለር እዚያ ላይ ፊልሙን በእጇ ታስገባዋለች።

በማግስቱ ስቱዲዮ ውስጥ ጂሚ ማይክራፎኑ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ሥራ ይለቃል። አዎ፣ በዜማ። የቀረው ጋይ ብቻ ነው። ሚስተር ዋይት አይጮህም፣ አያስፈራራም። እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ መሆኑን ነግሮት ይወጣል። ለሱ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው።

የጃዙ ሽማግሌ ለምን መጣ?

ዴል ፓክስተን፣ ቢል ኮብስ የተጫወተው። ጋይ ሱቅ ውስጥ ሸክላውን ከፍቶ አብሮት ድራም ሲመታ የነበረው ፒያኒስት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአካል ያገኘዋል። ባንዱ ፈርሶ ጋይ ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው ሲመታ ዴል ብቅ ይላል፤ አብረው ይጫወታሉ። ባንድ ይመጣል ይሄዳል፣ አንተ ግን ከማንም ጋር ቢሆን መጫወትህን አታቁም የሚል ሐሳብ ይነግረዋል።

ትዕይንቱ የፊልሙ መጀመሪያ ግልባጭ ነው። ያኔ ጋይ ከሸክላ ጋር ነበር፣ አሁን ከሰውየው ጋር። ተመልካች ሁሉ አሳዛኝ መጨረሻ ነው ብሎ ሲያስብ ልጁ ከመጀመሪያው የፈለገውን አግኝቷል።

በኋላ ምን ሆኑ?

ፊልሙ በጽሑፍ ይነግረናል። ጂሚ ሌላ ባንድ አቋቁሞ ተሳካለት። ሌኒ የቁማር ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ቤዝ ተጫዋቹ ቬትናም ዘምቶ ቆስሎ ተሸልሟል፣ በኋላ ግንባታ ውስጥ ገባ። ጋይና ፌይ ተጋቡ፤ ዋሺንግተን ግዛት ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጂሚ እንኳን አልተቀጣም። ጥሩ ነው፤ እብሪተኛ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችሎታም ነበረው።

ረጅሙን ቅጂ ልይ ወይስ አጭሩን?

መጀመሪያ አጭሩን። ሲኒማ የታየው 108 ደቂቃ ነው። በኋላ በዲቪዲ የወጣው ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ጭማሪው የጋይን የመጀመሪያ ፍቅረኛና የጥርስ ሐኪሟን ነገር ያሰፋል፣ ስለ ሚስተር ዋይት የግል ሕይወትም ይነግረናል። ለወደደው ሰው ጥሩ ነው። ግን ስለ ፈጣን ዘፈን የተሠራ ፊልም ሲዘገይ ይታወቃል። ጂሚ ቀስ አድርጎ የጻፈውን ዓይነት ይሆናል።

ለልጆች ይሆናል?

ይሆናል። መሳሳም አለ፣ ማጨስ አለ፣ ትንሽ ስድብ አለ። ከዚያ ያለፈ የለም።

ሲኒማ ላይ ተሳክቶለት ነበር?

መጠነኛ ነው። ያኔ የሃንክስ ስም ያለበት ፊልም ከሚያስገባው አንጻር ትንሽ የሚባል ነው። ሰው የወደደው በኋላ ነው፣ ቤቱ ሆኖ፣ ቀስ በቀስ።

ፕሌይቶን የሚባል ኩባንያ አይቻለሁ። ያው ነው?

ስሙ ከዚህ ፊልም ነው የመጣው። ሃንክስና ፕሮዲውሰሩ ጋሪ ጎትዝማን በ1998 እውነተኛ የፊልም ኩባንያ ሲያቋቁሙ የልቦለዱን ስም ሰጡት። «ካስት አዌይ» እና «ባንድ ኦቭ ብራዘርስ» ላይ ስሙ አለበት። ዋንደርስ ፈረሰ፣ የሸክላ ቤታቸው ግን ከፊልም ወጥቶ ሰው ሆነ።

ይሄን ወደድኩት፤ ቀጥሎ ምን ልይ?

«ዘ ኮሚትመንትስ» (1991)፣ ደብሊን ውስጥ ሶል ሙዚቃ ሊጫወቱ ስለተነሡ ልጆች፤ እዚያ ደግሞ ይሰዳደባሉ። «ሲንግ ስትሪት» (2016)፣ ያው ደብሊን፣ ልጅቱን ለመማረክ ባንድ አለኝ ብሎ ዋሽቶ ከዚያ ባንዱን መፍጠር ስለተገደደ ተማሪ። ሁለቱን ካያችሁ በኋላ ደግሞ አትደውሉልኝ።

ተዋንያኑ እንደገና ተገናኝተው ያውቃሉ?

አዎ። አዳም ሽሌሲንገር ኤፕሪል 1 ቀን 2020 በኮቪድ ምክንያት አረፈ፤ 52 ዓመቱ ነበር። በዚያው ወር አራቱ የባንዱ ተዋንያን በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ተገናኙ። ለተቸገሩ ሙዚቀኞች እርዳታ እያሰባሰቡ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው አዩት፤ ዘፈኑ በመጣ ቁጥርም እያነሡት።